ከአሰሪ ቤት እስከ ፍርድ ቤት

ካፋላ በሊባኖስ፣ በዮርዳኖስና በባሕረ ሰላጤው ሀገራት የውጭ ሀገር ሠራተኛን ውሎና አዳር የሚወስን አሠራር ነው። ሠራተኛው ወደ ሀገሪቱ የሚገባውም ሆነ እዚያ የሚቆየው በአንድ ሰው ዋስትና ነው፤ ያ ሰው ካፊል ይባላል። የቤት ሠራተኛ ስትሆን ካፊሏ አብዛኛውን ጊዜ የምትሠራበት ቤት ባለቤት ነው። ኢቃማዋን፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዷን፣ የሚያወጣላት እሱ ነው፤ የሚያድስላትም የሚያሰርዝባትም እሱ ነው። ሌላ ቤት ለመቀጠር በአብዛኛው የእሱ ፈቃድ ያስፈልጋታል። ሳያስፈቅድ የወጣች ሠራተኛ የሥራ ውል አፈረሰች ብቻ አይባልም፤ በሀገሪቱ የመኖር መብቷም አብሮ ይወድቃል።

የፍትሕ ችግሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ደመወዟን የተከለከለች፣ የተደበደበች ወይም የተደፈረች ሴት ልትከሰው የሚገባት ሰው፣ በሕጋዊነት እንድትኖር የሚያደርጋት ያው ሰው ነው። ፓስፖርቷ እሱ ዘንድ ነው፤ የቤቱ ቁልፍም፣ ብዙ ጊዜ ስልኳም እሱ ዘንድ ነው። ለመክሰስ ከቤት መውጣት አለባት፤ ከቤት ስትወጣ ደግሞ ራሷ ተፈላጊ ትሆናለች። ስለ ጠበቃ፣ ስለ አስተርጓሚ፣ ስለ ማስረጃና ስለ ቀጠሮ የሚነሱት ጥያቄዎች የየራሳቸው ክብደት አላቸው፤ ነገር ግን ሁሉም ከዚህ ቋጠሮ በኋላ የሚመጡ ናቸው። ለዓመታት ብዙ ኢትዮጵያውያን ሴቶች የተቀጠሩባት ሊባኖስ ጉዳዩን ከሥሩ ለማየት ታመቻለች፤ ሀገሪቱ በ2019 መጨረሻ በጀመረው የኢኮኖሚ ቀውስ ከመመታቷ በፊት ሩብ ሚሊዮን ያህል የውጭ ሀገር የቤት ሠራተኞች እንደነበሩባት ይገመታል፣ ከእነሱም ኢትዮጵያውያኑ በቁጥር ቀዳሚ ነበሩ። እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች፣ ከኢትዮጵያ አዋጆች ቁጥር በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የሊባኖስ የሥራ ሕግ የወጣው በ1946 ሲሆን 7ኛው አንቀጹ በግለሰብ ቤት የሚሠሩትን ከሕጉ ውጭ ያደርጋል። በዚህ አንድ አንቀጽ ምክንያት የደመወዝ ወለል፣ የሥራ ሰዓት ገደብ፣ የዓመት ፈቃድና ሌሎችም የሠራተኛ መብቶች የቤት ሠራተኛን አይመለከቷትም። በ2009 የሀገሪቱ የሥራ ሚኒስቴር ለሁሉም አንድ ዓይነት የሆነ የቅጥር ውል አወጣ፤ የሳምንት ዕረፍትና የሥራ ሰዓት ገደብ የሚል ነገር ገባበት። ውሉ ግን በዐረብኛ የተጻፈ ነው፤ የምትፈርመው ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ ምን እንደሚል አታውቅም። በመስከረም 2020 ሚኒስቴሩ የተሻለ ውል አዘጋጀ። ሠራተኛዋ ያለ አሰሪዋ ፈቃድ ውሏን እንድታቋርጥና ፓስፖርቷን ራሷ እንድትይዝ የሚፈቅድ ነበር። ወር እንኳ ሳይሞላ የአስመጪ ኤጀንሲዎች ማኅበር ለሀገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት አቤት አለ፤ ፍርድ ቤቱም በጥቅምት አፈጻጸሙን አገደው። ኤጀንሲዎቹ ጠበቃ አቁመው ጥቅማቸው እንደሚጎዳ ማስረዳት ችለዋል። ውሉ የወጣላቸው ሴቶች ግን በዚያ ችሎት ፊት ድምፅ አልነበራቸውም።

የባሕረ ሰላጤው ሀገራት በወረቀት ደረጃ ከሊባኖስ ቀድመው ሄደዋል። ኩዌት በ2015 ለቤት ሠራተኞች ራሱን የቻለ ሕግ አወጣች፤ የቀን ሥራ ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት እንዲኖር፣ ሥራ ሲያበቃ ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ እንዲከፈል ደነገገች። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስና ኳታር በ2017 ተከተሉ። ሳዑዲ ዐረቢያ በ2013 ደንብ አውጥታ ነበር፤ በ2024 ደግሞ በአዲስ ተካችው፤ በዚያው ዓመት የቤት ሠራተኞች ደመወዝ በባንክ በኩል እንዲከፈል ደረጃ በደረጃ ማስገደድ ጀመረች። ይህ የመጨረሻው እርምጃ ከብዙ አንቀጾች ይልቅ ሊጠቅም የሚችል ነው፣ ምክንያቱ ከታች ስለ ማስረጃ ሲነሳ ግልጽ ይሆናል። ችግሩ የሕጉ ጠባቂ ቤቱ ውስጥ አለመኖሩ ነው። የሥራ ተቆጣጣሪ ፋብሪካና የግንባታ ቦታ ድረስ ሄዶ ሠራተኛ ያነጋግራል፤ የግለሰብ መኖሪያ ቤት ግን የተከበረ ስለሆነ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ወይም ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ አይገባም። ስለዚህ በደሉ የሚታወቀው ሠራተኛዋ ራሷ ወጥታ ስትናገር ብቻ ነው።

መውጣቱ ደግሞ ከባድ ነው። ብዙ አሰሪዎች በር ይቆልፋሉ፤ ለዚህም የሚሰጡት ምክንያት ለኤጀንሲው፣ ለቲኬቱና ለወረቀቱ ብዙ ገንዘብ አውጥተናል፣ ብትጠፋ ኪሳራው የእኛ ነው የሚል ነው። ጠፋች ስትባል አሰሪዋ ለፖሊስ ወይም ለኢሚግሬሽን ያመለክታል። ሳዑዲ ውስጥ ይህ ማመልከቻ «ሁሩብ» ይባላል፤ በአረብ ሀገር የኖረች ሀበሻ ሁሉ ቃሉን ታውቀዋለች። ሁሩብ የተደረገባት ሴት መንገድ ላይ ብትያዝ የምትወሰደው ተርሂል ወደሚባለው የማባረሪያ እስር ቤት ነው። አቤቱታዋን ልታሰማ ወደ ፖሊስ ጣቢያ በገዛ እግሯ ብትሄድ እንኳ መርማሪው መጀመሪያ የሚያየው በኮምፒውተሩ ላይ ያለውን የአሰሪዋን ማመልከቻ ነው። ሁሩቡ በእርግጥ ከመጥፋቷ በኋላ የተመዘገበ መሆኑን ወይም ደመወዝ ጠይቃ ስትጣላ በበቀል የተደረገ መሆኑን የሚያጣራላት አካል ማግኘት ቀላል አይደለም። አንዳንዴም ፖሊስ ሴትየዋን መልሶ ለአሰሪዋ ወይም ለመክተቡ፣ ማለትም ላስመጣት ኤጀንሲ ቢሮ፣ ያስረክባታል። ከዚያ በኋላ የሚደርስባት ነገር ሁለተኛ እንዳትሞክር የሚያደርግ ነው።

ፓስፖርት መንጠቅን በተመለከተ ዳኞች ቢፈልጉ ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር እንዳለ ቤይሩት ውስጥ ታይቷል። በሰኔ 2014 አስቸኳይ ጉዳዮችን የምታይ አንዲት ዳኛ የአንዲት ሠራተኛ ፓስፖርት እንዲመለስላት አሰሪዋን አዘዘች። የሠራተኛን ፓስፖርት ይዞ ማቆየት የመንቀሳቀስ ነፃነቷን የሚነካ ነው ብላ ነበር የወሰነችው። አዲስ ሕግ አላስፈለጋትም፤ ያለውን ሕግ ለቤት ሠራተኛም እንደሚሠራ አድርጋ ማንበቧ በቂ ነበር። እንዲህ ያለ ውሳኔ የተለመደ ቢሆን ኖሮ ግን ዜና ባልሆነ ነበር።

የሰብዓዊ መብት ድርጅቱ ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2010 የቤት ሠራተኞችን የሚመለከቱ 114 የሊባኖስ ፍርድ ቤቶች ውሳኔዎችን ሰብስቦ መርምሮ ነበር። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ሠራተኛዋን ቆልፎባት፣ ፓስፖርቷን ነጥቋት ወይም ምግብ ከልክሏት የተቀጣ አሰሪ አንድም አልተገኘም። ሦስቱም ድርጊቶች በሀገሪቱ ውስጥ በስፋት የሚፈጸሙ መሆናቸውን ማንም አይክድም። መዝገቦቹ የሚበዙትም ሠራተኞቹ የከሰሱባቸው ሳይሆኑ የተከሰሱባቸው ናቸው፤ የክሱ ዓይነትም በአብዛኛው ስርቆት ነው።

የስርቆት ክስ ብቻውን ሊታይ የሚገባው ነገር ነው። ሠራተኛዋ ስትጠፋ አሰሪው «ጠፋች» ብሎ ከሚያመለክት «ሰርቃኝ ጠፋች» ቢል የሚያገኘው ይበልጣል፤ ፖሊስ ፈጥኖ ይፈልጋታል፣ ያልከፈለው ደመወዝ ቢጠየቅም መልስ ይኖረዋል። አንዳንዷ በእርግጥ ያልተከፈላትን ገንዘብ ያህል ዕቃ ይዛ ወጥታ ይሆናል፤ ሌላዋ የራሷን ልብስ እንኳ ሳትይዝ ሮጣለች። ይህን የመለየት ሥራ የፍርድ ቤት ነው፤ ለመለየት ግን የተከሳሿን ቃል መስማት ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ተከሳሾች ጠበቃ ሳይቆምላቸው ነው የተፈረደባቸው። ዋስ የሚሆናት ቋሚ አድራሻ ያለው ሰው፣ የመኖሪያ ፈቃድም ስለሌላት በዋስ የመለቀቅ ተስፋዋ የመነመነ ነው። በመጨረሻ ነፃ ብትባል እንኳ በእስር ያለፉት ወራት አይመለሱላትም፤ ከእስር ቤት የምትወጣውም ወደ ማባረሪያው እንጂ ወደ ከተማ አይደለም።

ከዚያ የቋንቋው ነገር አለ። ሁለት ዓመት የሠራች ሴት ዐረብኛ ትናገራለች፤ የምትናገረው ግን ጥረጊ፣ እጠቢ፣ አምጪ፣ ልጁን አስተኚ የሚባልበትን የማዕድ ቤት ዐረብኛ ነው። መርማሪ የሚጽፈው ቃል፣ ዳኛ የሚያነበው ክስ፣ ጠበቃ የሚያቀርበው መቃወሚያ በሌላ ዓይነት ዐረብኛ ነው። ስሟን መጻፍ ለማትችል ሴት ደግሞ ይብሳል፤ መጨረሻ ላይ ወረቀት ይቀርብላትና ጣቷን ቀለም ነክራ አሻራ ታኖራለች። አሻራዋ ያረፈበት ቃል «አዎ ወስጃለሁ» የሚል ሆኖ ሊገኝ ይችላል። አስተርጓሚ ሲመጣም ሁልጊዜ ትክክለኛው አይደለም። ከኢትዮጵያ የመጣች ሁሉ አማርኛ ትችላለች ተብሎ ይታሰባል፤ ከጅማ ወይም ከአርሲ ገጠር የሄደችው ኦሮምኛ፣ ከሆሳዕና አካባቢ የሄደችው ሀዲይኛ ነው አፏን የፈታችበት። ስለ መደፈር ወይም ስለ ድብደባ መናገር በራስ ቋንቋም አንደበት የሚያስር ነው፤ በሁለተኛና በሦስተኛ ቋንቋ፣ በማታውቀው ወንድ አስተርጓሚ አፍ፣ ምን ያህሉ ወደ መዝገቡ እንደሚገባ መገመት አያዳግትም።

ሁሉ ተሟልቶ ጉዳዩ ችሎት ፊት ቢደርስ ማስረጃ ይጠየቃል። በቤት ውስጥ የሆነውን ያዩት የቤቱ ሰዎች ናቸው፤ እነሱ በአባታቸው ወይም በሚስታቸው ላይ አይመሰክሩም። የጎረቤት ቤት ሠራተኛ በረንዳ ለበረንዳ እያየች የምታውቀው ነገር ይኖራል፤ ምስክር ሆና ብትቀርብ ግን ለራሷ የመኖሪያ ፈቃድ ትፈራለች። ድብደባ ከሆነ የሐኪም ወረቀት ያስፈልጋል፤ ቁስሉ በሚታይበት ሰሞን ደግሞ ሴትየዋ ቤት ውስጥ ነበረች።

የደመወዝ ክርክር ቀላል ይመስላል፣ ግን አይደለም። በብዙ ቤት ደመወዝ በየወሩ አይሰጥም። «እኔ ጋ ይቀመጥልሽ፣ ስትሄጂ አንድ ላይ ትወስጃለሽ» ይባላል። ሠራተኛዋም ገንዘቡን የምታስቀምጥበት ባንክ የላትም፣ ክፍሏም ቁልፍ የለውም፤ ስለዚህ ትስማማለች። ወደ ቤተሰቧ ገንዘብ ሲላክም የሚልከው ብዙ ጊዜ አሰሪዋ ነው፤ ደረሰኙ በእሱ ስም ይወጣል፣ እሱም ያስቀምጠዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ጭቅጭቅ ሲነሳ ክፍያ ፈጽሜያለሁ የሚለው ሰው በእጁ ወረቀት አለው፤ አልተከፈለኝም የምትለው ሴት ያላት አፏ ብቻ ነው። አንዳንዷ ደግሞ «የኢቃማ ማደሻ ነው» ተብላ የፈረመችው ወረቀት «ደመወዜን ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ» የሚል ሆኖ ከመዝገብ ጋር ተያይዞ ታገኘዋለች። በዚህ ጊዜ ሊረዳ የሚችለው አንድ ነገር ያለው ሀገር ቤት ነው። ደሴ ወይም ወልድያ ያለች እናት ገንዘብ የተቀበለችባቸው የባንክና የሐዋላ ወረቀቶች ገንዘቡ በየትኛው ወር እንደመጣ፣ ከየትኛው ወር በኋላ እንደቆመ ያሳያሉ። እነዚህን ሰብስቦ ለጠበቃ መላክ ክርክሩን ሊለውጥ ይችላል። ደመወዝ በባንክ እንዲከፈል ማስገደድ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው፦ የማስረዳቱን ሸክም ከሠራተኛዋ ትከሻ ያነሳል፣ ሒሳቡ በእርግጥ በእሷ እጅ እስከሆነ ድረስ።

ስምም እንቅፋት ይሆናል። በደላላ የሄዱ ብዙ ልጆች ፓስፖርታቸው ላይ ያለው ስም የተወለዱበት አይደለም፤ ዕድሜም ይጨመራል፣ ሃይማኖትን የሚጠቁም ስም ይለወጣል። በዚያ ስም ውል ይፈረማል፣ ኢቃማ ይወጣል። ልጅቱ ብትጎዳ ወይም ብትሞት ካሳ የሚጠይቁት ወላጆች ከቀበሌ የሚያመጡት ወረቀት ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር አይገጥምም። የልጃቸው ወላጅ መሆናቸውን ለማስረዳት ሌላ ክርክር ይከፈትባቸዋል።

እስካሁን ከተነሱት ሁሉ ሰው ብዙም የማያስበው ጊዜን ነው። በሊባኖስ የሥራ ክርክር ችሎቶች ፈጣን እንዲሆኑ ታስበው የተቋቋሙ ናቸው፤ በ2010ሩ ጥናት ከታዩት መዝገቦች ግን የቤት ሠራተኞች አቤቱታ በእነዚህ ችሎቶች በአማካይ 32 ወር ወስዷል። በፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት የቀረቡት ያልተከፈለ ደመወዝ ክሶች ከ21 እስከ 54 ወር ቆይተዋል። ከአሰሪዋ ቤት የወጣች ሴት በእነዚያ ወራት የት ታድራለች? ኢቃማ ስለሌላት በሕጋዊ መንገድ መሥራት አትችልም። መጠለያ ካገኘች፣ ለምሳሌ በካሪታስ ዓይነት የዕርዳታ ድርጅት በኩል፣ ቀጠሮ ስትጠብቅ ትቀመጣለች እንጂ ለቤተሰቧ የምትልከው ነገር የለም። ቤተሰብ ደግሞ ለመሄጃዋ የተበደረውን ገንዘብ ገና አልከፈለም ይሆናል። ስለዚህ ድርድር ይመጣል፤ ድርድሩም ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ዓይነት ነው። አሰሪው የአውሮፕላን ቲኬት ይገዛል፣ ፓስፖርቷን ይመልሳል፣ የስርቆት ማመልከቻውን ያነሳል፤ እሷ የአሥር ወይም የሃያ ወር ደመወዟን ትተዋለች። ኤጀንሲውም ፖሊሱም፣ አንዳንዴ ለመርዳት የገባው ሰው ጭምር፣ ይህን እንደ ጥሩ መፍትሔ ያዩታል። ጉዳዩ የሚዘጋው በስምምነት ስለሆነ በየትኛውም የፍርድ ቁጥር ውስጥ አይገባም። ኳታር በ2018 የሥራ ክርክር ኮሚቴዎችን አቋቁማ ውሳኔ በሦስት ሳምንት እንዲሰጥ ስትደነግግ፣ አሰሪው መክፈል ሲያቅተው የሚከፍል ፈንድም ስታቋቁም ይህን ችግር ተረድታ ነው። በሥራ ላይ ሲውል መዘግየቱ ባይጠፋም ሐሳቡ ትክክል ነው፦ ለስደተኛ ሠራተኛ የዘገየ ፍርድ እንደሌለ የሚቆጠር ነው፤ ፍርዱ ሲመጣ እሷ ሀገሩ ውስጥ የለችምና።

ከሀገር መውጣት ክስን ማቋረጥ የለበትም። ሠራተኛዋ ከመሳፈሯ በፊት ለጠበቃ ወይም ለታመነ ሰው ውክልና ከሰጠች ክርክሩ በሌለችበት ሊቀጥል ይችላል። ውክልና ለመስጠት ግን መታወቂያ ሰነድ፣ ቋንቋና ክፍያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ይህ መብት እንዳላት የሚነግራት ሰው ያስፈልጋል። ከተርሂል በሊሴ ፓሴ፣ ማለትም በጊዜያዊ የይለፍ ወረቀት፣ በቀጥታ ወደ አውሮፕላን የምትገባ ሴት ይህን ሁሉ የምታደርግበት አንድ ሰዓት አታገኝም። ሀገሯ ከገባች በኋላ ልስጥ ብትል ሰነዱ በኢትዮጵያ ተረጋግጦ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ታትሞ፣ በተቀባዩ ሀገር ኤምባሲ ጸድቆ መሄድ አለበት፤ ለገጠር ልጅ ወጪው ብቻ ያስፈራል። የይርጋ ጊዜ ደግሞ አይጠብቅም።

ሞት ሲመጣ ጉዳዩ የበለጠ ይከብዳል። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2008 እንዳወጣው፣ ከ2007 መጀመሪያ ጀምሮ ባሉት 20 ወራት ብቻ ሊባኖስ ውስጥ ቢያንስ 95 የውጭ ሀገር የቤት ሠራተኞች ሞተዋል። 40ዎቹ ራሳቸውን እንዳጠፉ የተመዘገቡ ናቸው፤ 24ቱ ከፎቅ ወድቀው ነው የሞቱት፣ ብዙዎቹም ሲያመልጡ። ከአምስተኛ ፎቅ በረንዳ በአንሶላ ለመውረድ የሞከረች ሴት ለምን በበሩ እንዳልወጣች መጠየቅ የምርመራው የመጀመሪያ ጥያቄ መሆን ነበረበት። ፖሊስ የሚጠይቃቸው ግን በቤቱ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ነው፤ እነሱም ሰሞኑን አመሏ ተለውጦ ነበር፣ ታዝን ነበር ይላሉ፤ መዝገቡ ይዘጋል። አስከሬን ቦሌ ሲደርስ ቤተሰብ ከሬሳ ሣጥኑ ጋር የሚያገኘው የሞት ማስረጃ እንጂ የምርመራ ውጤት አይደለም።

በ2012 በቤይሩት የሆነው ከሁሉም ይበልጥ የታወቀው ነው። አንዲት ኢትዮጵያዊት የቤት ሠራተኛ በሀገሯ ቆንስላ ደጃፍ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በፀጉሯ እየተጎተተች በግድ መኪና ውስጥ ስትከተት አንድ መንገደኛ በስልኩ ቀረጸ፤ ምስሉም በሊባኖስ ቴሌቪዥን ታየ። ፖሊስ ሲደርስ ወደ ማቆያ የወሰደው ጥቃት ያደረሰባትን ሰውዬ ሳይሆን እሷን ነበር። ከዚያ ወደ አእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ተዛወረች፤ በመጋቢት እዚያው ራሷን አጥፍታ ተገኘች። ሰውየው ላይ ክስ የተመሠረተው ምስሉ ዓለምን ካዳረሰ በኋላ ነው። በ2018 ደግሞ ሌላ ኢትዮጵያዊት ከአሰሪዎቿ ቤት ሁለተኛ ፎቅ ዘላ እግሮቿ ተሰበሩ፤ ከሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና ትደበደብ እንደነበር ተናግራ ተቀረጸች። ከሆስፒታል ስትወጣ ግን የተመለሰችው ወደዚያው ቤት ነው፤ ከዚያ በኋላ በቴሌቪዥን ቀርባ አዳልጧት እንደወደቀች ተናገረች። እውነቱ የትኛው እንደሆነ በፍርድ ቤት ሊጣራ ይችል ነበር። ምስክሯን በተከሳሾቹ ቤት አስቀምጦ የሚደረግ ማጣራት ግን ማጣራት ሊባል አይችልም።

ቆንስላዎች ብዙ ይወቀሳሉ፤ ወቀሳው ብዙ ጊዜ ተገቢ ነው፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም። በጥቂት ሠራተኞች አሥር ሺዎችን ማገልገል አይቻልም፤ የሥራ ጉዳይ አታሼና የሀገሬውን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ በሌለበት ቢሮ ቆንስሉ የሚያደርገው ለአሰሪው ስልክ ደውሎ መለመን ነው። በ2020 የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅና ኮቪድ ሲጨመር አሰሪዎች ሠራተኞቻቸውን፣ አንዳንዶቹን ከነሻንጣቸው ሌሎቹን ያለ ምንም ነገር፣ በመኪና እያመጡ ሐዝሚየህ በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥለዋቸው ሄደዋል። ሴቶቹ አስፋልት ዳር ሌሊቶችን አድረዋል። ወራት ያልተከፈለ ደመወዝ ያለባቸው እነዚያ አሰሪዎች በሕዝብና በካሜራ ፊት ያንን ሲያደርጉ የታርጋ ቁጥራቸው ይታይ ነበር፤ ሕግ ለማስከበር የፈለገ ሰው ማስረጃ የማጣት ችግር አልነበረበትም። የምግብና የመጠለያ ዕርዳታ ካደረሱት መካከል ራሳቸው የቤት ሠራተኛ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ሴቶች በ2017 ያቋቋሙት «እኛ ለእኛ በስደት» ይገኝበታል። ሠራተኞቹ በማኅበር መደራጀታቸው ራሱ የተከለከለ ነገር ነው፦ በ2015 በቤይሩት የቤት ሠራተኞች ማኅበር ሲመሠረት የሥራ ሚኒስቴሩ ሕገ ወጥ ነው ብሎታል።

በዚያው 2020 አንድ ከዚህ በፊት ያልታየ ክስ በሊባኖስ ቀረበ። ከሰባት ዓመት በላይ ከቤት እንዳትወጣ ተደርጋ፣ የተከፈላት የ13 ወር ደመወዝ ብቻ እንደሆነ የገለጸች ኢትዮጵያዊት በአሰሪዋና በኤጀንሲው ላይ የባርነትና የባሪያ ንግድ ወንጀል ክስ በጠበቆች አማካይነት አቀረበች። አሰሪዋ ክሱን አልተቀበለችም፤ ጉዳዩ በ2022 ችሎት ፊት መታየት ጀመረ። ክሱ የያዘው ሐሳብ ከውጤቱም በፊት ዋጋ አለው። የደመወዝ ክርክር ተብሎ በቲኬት የሚዘጋውን ነገር በወንጀል ስሙ ጠርቶታል። የሊባኖስ የ2011 የሰዎች ንግድ ሕግም ለዚህ መሠረት ሊሆን ይችላል፣ ዓቃቤ ሕግ ከተጠቀመበት።

መንገዱ የሚጀምረው ኢትዮጵያ ውስጥ ስለሆነ ፍትሕም በከፊል እዚህ ሊገኝ ይገባል። የውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 1246/2013 የተሻሻለው፣ ኤጀንሲ ሠራተኛ አስፈርሞ ከላከ በኋላ እጁን አጥቦ እንዳይቀመጥ አድርጎ ነው የተቀረጸው። ኤጀንሲው ከውጭው አሰሪ ጋር በጋራም በተናጠልም ተጠያቂ ነው፤ ለዚህም 923/2008 ሲወጣ 100,000 የአሜሪካ ዶላር ወይም ተመጣጣኝ ብር በዝግ ሒሳብ እንዲያስይዝ ይጠይቅ ነበር። ቤይሩት ወይም ሪያድ ላይ ያልተከፈለ ደመወዝ በአዲስ አበባ ሊጠየቅ ይችላል ማለት ነው። ለተመላሽ ሠራተኛ ከዚህ የሚቀርብ በር የለም፤ ቋንቋው የራሷ ነው፣ ኢቃማ አይጠየቅባትም። ብዙዎች ግን ይህን አያውቁም። የሚያውቁትም ከተፈረመው ውል አንድ ቅጂ ቤተሰብ ዘንድ ስለማይተዉ ውሉ ከሻንጣቸው ጋር አረብ ሀገር ይቀራል። ከመሄድ በፊት በሚሰጠው ሥልጠና ስለ ልብስ ማጠቢያ ማሽን የሚነገረውን ያህል ስለዚህ ቢነገር ብዙ ነገር ይለወጥ ነበር። እዚህ ላይ የሀገር ቤቱም ሕግ ንጹሕ እንዳልሆነ መታወቅ አለበት፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከሽፋኑ ስለሚያወጣ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅም በዚህ አዋጅ አትጠበቅም።

ይህ ሁሉ በኤጀንሲ ለሄደችው ነው። መንግሥት ከ2013 እስከ 2018 ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዐረብ ሀገራት መሄድን ባገደበት ጊዜ ጉዞው አልቆመም፤ ወደ ደላላ እጅ ዞረ። በጅቡቲና በየመን አድርጋ ሳዑዲ የገባች ሴት ውል የላትም፣ የምትጠይቀው ኤጀንሲም የላትም። ለእሷ የቀረው በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 መሠረት በደላላው ላይ የሚቀርብ የወንጀል ክስ ነው። ደላላው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሰፈር ሰው ነው፣ አንዳንዴም ዘመድ። ሽማግሌ ተልኮ፣ ከተከፈለው ገንዘብ የተወሰነው ተመልሶ፣ ቤተሰብ ክሱን እንዲተው ይደረጋል። ክሱ ቢቀጥልም የዓቃቤ ሕግ ዋና ምስክር ተበዳይዋ ናት፤ ምስክር ተብላ በምትጠራበት ቀን ብዙ ጊዜ አትገኝም፤ ዕዳውን ለመክፈል ሌላ ደላላ ይዛ እንደገና ወጥታለችና።